ሀገራችንን እንወቅ፦ ከቀርሜሎስ ግርጌ ያለው ባሕር ዳርቻ



ባለፉት እትሞች በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ኪራይ ውል፣ ስለ ኩፓት ሆሊምና ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ ስንነጋገር ቆይተናል። ሁሉም አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ሰው በወረቀት ብቻ አገር አይለምድም። ስለዚህ ዛሬ ከቤት ወጣ ብለን የምንኖርባትን ሐይፋንና ከእርሷ በስተደቡብ የተዘረጋውን ባሕር ዳርቻ እንመለከታለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው አዲስ የገባ ቤተሰብ መንገዱ አጭር ነው። ከመርካዝ ክሊታ ወደ ኡልፓን፣ ከኡልፓን ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ሱቅ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ሐይፋ ዓመት ተቀምጦ ባሕሩን ከአውቶቡስ መስኮት በቀር ያላየ ሰው ብዙ ነው። ልጆቹ ግን አይተውታል። ትምህርት ቤቱ በቲዩል ይወስዳቸዋል፤ ማታ ሲመለሱ የቦታውን ስም በዕብራይስጥ እየጠሩ ያወራሉ፤ አባትና እናት ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ባንክ ቤት የሚያስተረጉመው ልጅ ነው። የመጣውን ደብዳቤ የሚያነበው ልጅ ነው። አገሩንም የሚያሳየን ልጅ ከሆነ ለአባት ምን ቀረለት? እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ይህ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ወላጅ ለልጁ የሚያስረዳው ነገር ሞልቶ የተረፈበት ቦታ ነው፤ ሳናየው መቅረታችን ያስቆጫል።

መጀመሪያ ተራራው። በዕብራይስጥ ካርሜል የሚሉት እኛ በመጽሐፉ ቀርሜሎስ የምንለው ነው። ከፍተኛው ጫፉ 546 ሜትር ብቻ ነው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ መሆኑን ለሚያውቅ የሰሜን ሰው ይህ ጉብታ እንጂ ተራራ አይባልም፤ ሽማግሌዎቻችን ሲያዩት ፈገግ ቢሉ አይፈረድባቸውም። ቢሆንም ቀርሜሎስ ከባሕሩ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ስለሚነሣ ከቁመቱ በላይ ግርማ አለው። ከላይ የቆመ ሰው በአንድ ወገን ደኑን፣ በሌላ ወገን ማለቂያ የሌለውን ውሃ ያያል። ጣናን ያየ ሰው ማዶውን የሚፈልግ ዓይን ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ማዶ የሚባል ነገር አይታይም።

ነቢዩ ኤልያስ ከበኣል ነቢያት ጋር የተከራከረው በዚህ ተራራ ላይ ነው። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 18 ይገኛል። አራት መቶ ሃምሳው የበኣል ነቢያት ከጧት እስከ ቀትር ሲጮኹ ቢውሉ እሳት አልወረደላቸውም፤ ኤልያስ ግን መሥዋዕቱን ውሃ አስፈስሶበት ሳለ እሳት ወርዶ በላው። ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሦስት ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ነበርና ኤልያስ አገልጋዩን ወጥተህ ወደ ባሕሩ ተመልከት ብሎ ሰባት ጊዜ ላከው፤ በሰባተኛው የሰው እጅ የምታህል ደመና ከባሕሩ ስትወጣ ታየች። ድርቅ ያየ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ ክረምት የጠበቀ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ልጃችሁ ይህን በትምህርት ቤት በፈተና መልክ ይማረው ይሆናል። እናንተ ግን ቦታው ላይ አቁማችሁ፣ ባሕሩን በጣት እያሳያችሁ፣ ከቄሶቻችን አፍ እንደ ሰማችሁት ልትነግሩት ትችላላችሁ። ለዚህ ዕብራይስጥ አያስፈልግም።

ይህ ሆነ የሚባልበት ስፍራ ሙሕራቃ ይባላል፤ በዐረብኛ የተቃጠለ ቦታ ማለት ነው። የካቶሊክ መነኮሳት ገዳም አለበት። ገዳም መግባት የማይፈልግ ሰው በግቢው ዙሪያ ያለው እይታ ይበቃዋል፤ የቂሶን ወንዝና የይዝራኤል ሜዳ ከሥሩ ተዘርግተው ይታያሉ። መንገዱ በደሩዞች ከተማ በዳልያት አል-ካርሜል በኩል ያልፋል። ደሩዞች እንግዳ አክባሪ ሕዝብ ናቸው፤ ቡናቸውም ከእኛው ቢቀጥንም ቡና ነው። ለሽማግሌና ለአራስ ያ ሩቅ ከሆነ ደግሞ በከተማው ውስጥ፣ ከቀርሜሎስ አፍንጫ ሥር፣ የኤልያስ ዋሻ አለ። ወንዶችና ሴቶች በየፊናቸው ይጸልያሉ። መግቢያ አይከፈልም። አይሁድም፣ ክርስቲያኖችም፣ እስላሞችም፣ ደሩዞችም ያከብሩታል።

ከዋሻው ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ባት ጋሊም የሚባል ሰፈር አለ። ትርጉሙ የማዕበል ልጅ ማለት ነው። ሰው ይህን ስም የሚያውቀው ትልቁ ሐኪም ቤት ራምባም በዚያ ስላለ ነው። ለእኛ ለቤተ እስራኤል ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ ልጆቻችንም አብዛኞቹ አያውቁትም። የእስራኤል ባሕር ኃይል ባት ጋሊም የሚባል መርከብ ነበረው። ከ1981 እስከ 1982 ባለው ጊዜ በሱዳን ስደተኛ ካምፖች የነበሩ ወገኖቻችን በሌሊት በጭነት መኪና ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ ተወሰዱ። የሞሳድ ሰዎች በዚያ ጠረፍ፣ አሩስ በሚባል ቦታ፣ የጠላቂ ዋናተኞች መዝናኛ ሆቴል ከፍተው ነበር፤ ቀን ለቱሪስት፣ ሌሊት ለእኛ። ከጠረፉ የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በላስቲክ ጀልባ እየጫኑ መርከቡ ላይ አደረሷቸው። በኅዳር 1981 በመጀመሪያው ጉዞ ብቻ 164 ሰዎች ተሳፍረዋል። በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ስለ ደረሱበት የመርከቡ መንገድ ተቋረጠና ሥራው በአውሮፕላን ቀጠለ።

እስቲ አስቡት። ከወልቃይት፣ ከጠለምት፣ ከደምቢያ በእግሩ የተነሣ ሰው፣ በመንገድና በገደሪፍ ካምፕ የሞተውን ቀብሮ፣ በሕይወቱ ባሕር የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በጨለማ ነው፤ ከውሃው የወጡ ጥቁር ልብስ የለበሱ ሰዎች ልጁን ከእጁ ተቀብለው ጀልባ ውስጥ ሲያስቀምጡ። በሱዳን መንገድ ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። ባት ጋሊም ባሕር ዳርቻ ከልጆቻችሁ ጋር ስትቀመጡ ይህን ንገሯቸው። አንድ ዘመድ ከቤተሰባችሁ በዚያ መንገድ መጥቶ ከሆነ ደግሞ እርሱን ራሱን ጋብዛችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

ከኤልያስ ዋሻ አጠገብ፣ አለንቢ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ የስውር ዓሊያና የባሕር ኃይል ሙዚየም ይገኛል። ከመንገዱ ሆኖ እንኳ አንድ መርከብ በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ይታያል፤ አሽከርካሪዎች እየሳቁ ያልፉታል። ስሙ አፍ አል ፒ ኼን ሲሆን ያም ሁሉ ሆኖ እንደ ማለት ነው። በ1947 ከናዚ እልቂት የተረፉ 434 ሰዎች ጭኖ ሲመጣ እንግሊዞች ያዙትና ሰዎቹን ወደ ቆጵሮስ ላኳቸው። እንግሊዝ ይህችን አገር በምትገዛበት ዘመን ወደዚህ የሚገባውን አይሁዳዊ በቁጥር ወስና ነበርና፣ ያለ ፈቃድ በመርከብ የሚመጡትን ማዕፒሊም ይሏቸው ነበር። የሐይፋ ወደብ ብዙዎቹን አይቷል። በኅዳር 1940 ፓትሪያ የምትባለው መርከብ በዚሁ ወደብ ፈንድታ ስትሰጥም ከ250 ሰው በላይ ሞቷል። ፈንጂውን ያስቀመጠው ሀጋና ነበር፤ መርከቧ ሰዎቹን ይዛ ከአገር እንዳትወጣ ሊያበላሻት እንጂ ሊያሰጥማት አላሰበም ነበር። በ1947 ደግሞ ኤክሶደስ ላይ የነበሩት 4,500 ያህል ሰዎች ከወደቡ ተመልሰው እስከ ጀርመን ድረስ ተወስደዋል።

አሁን ወደ አትሊት እንሂድ። ከሐይፋ በስተደቡብ ነው፤ ባቡሩ ብዙ ጊዜ አይወስድም። በባቡሩ መስኮት በስተምዕራብ ነጭ ኩሬዎች ታያላችሁ፤ ጨው ነው። የባሕሩን ውሃ በኩሬ አስተኝተው ፀሐይ ሲያደርቀው ጨውን ይሰበስባሉ። አሞሌ በግመል ከደናክል ሲመጣ የሰማ ሽማግሌ ይህን ሲያይ የሚለው አያጣም። ከኩሬዎቹ ወዲያ ባሕሩ ውስጥ የገባ የፈረሰ ምሽግ ይታያል። የመስቀል ጦረኞች ከ1217 ጀምረው የሠሩት ሲሆን ማንም በጦር ሳይወስደው በ1291 ዐኮ ከወደቀች በኋላ ለቀው ሄዱ። ወደ ውስጡ አይገባም። ዙሪያው የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች የጦር ሰፈር ነው፤ ከላይ በሱዳን ጠረፍ በጀልባ የመጡት ብዬ የነገርኳችሁ ክፍል መኖሪያ።

ለእኔ ከዚህ ዳርቻ ሁሉ የሚበልጠው ግን የአትሊት እስር ካምፕ ነው። እንግሊዞች በ1930ዎቹ መጨረሻ የሠሩት ሲሆን እስከ 1948 ድረስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ማዕፒሊም ታስረውበታል። የሽቦው አጥር፣ የጥበቃ ማማው፣ የእንጨት ቤቶቹ አሁንም አሉ። ከሁሉም የሚከብደው የመታጠቢያ ቤቱ ነው። የመጣው ሰው ሁሉ ወንዱ በአንድ ወገን ሴቱ በአንድ ወገን ተለይቶ፣ ልብሱን አውልቆ ለእንፋሎት ሰጥቶ፣ መድኃኒት ተነስንሶበት ይታጠባል። ለእንግሊዙ ወታደር ይህ የንጽሕና ሥራ ነው። ከናዚ ካምፕ ተርፎ ለመጣ ሰው ግን ልብስ አውልቅና ወደ መታጠቢያ ግባ ማለት ሌላ ነገር ነው። አንገባም ብለው የጮኹ ነበሩ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ የኡልፓን ክፍል ጋር ሄጄ ሳለ፣ ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት በዚህ ክፍል ውስጥ አስጎብኚዋን ጠየቋት። «እነዚህ ሰዎች እዚህ ስንት ጊዜ ቆዩ?» አሏት። ልጅቱም አንዳንዱ ጥቂት ሳምንት፣ በ1941 በዳርየን መርከብ የመጡት ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ብላ መለሰች። እናትየዋ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ጎንደር ላይ ዐሥራ ስምንት ዓመት ጠበቅሁ፤ እናቴ እዚያው ቀረች» አሉ። የልጅ ልጃቸው ወደ ዕብራይስጥ ተረጎመው። አስጎብኚዋ እጃቸውን ያዘች እንጂ የምትለው አልነበራትም። የጎንደሩ ጥበቃ ሽቦ አልነበረውም፤ ሁለቱን አንድ ናቸው ልል አልችልም። ግን ያ ልጅ የአያቱን ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ በራሱ አፍ ከተረጎመ በኋላ እስክንወጣ ድረስ ከጎናቸው አልተለየም።

ካምፑ የጀግንነት ታሪክም አለው፤ ልጆች የሚወዱት ይህን ነው። በጥቅምት 10 ቀን 1945 ሌሊት የፓልማሕ ተዋጊዎች አጥሩን ሰብረው 208 እስረኞች አስወጡ። አንዳንዶቹ ተዋጊዎች አስቀድመው በመምህርነት ስም ገብተው ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ይፅሐቅ ራቢን ነው። ሕፃናትን ተሸክመው በጨለማ ቀርሜሎስን ወጡና ቤት ኦረንና ያጉር የሚባሉ ኪቡጾች ደረሱ። በማግሥቱ እንግሊዞች ሊይዟቸው ሲመጡ የሐይፋ ሕዝብ በሺህ ወጥቶ ከመካከላቸው ገባ። ማን መጤ ማን ነባር እንደ ሆነ መለየት አልተቻለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዞች የተዋጓቸውን አይሁድ የሰደዱት ወደ እኛው ሰፈር ነበር። ከ1944 ጀምሮ ብዙዎቹን አሥመራ ወስደው አሠሩ። ከእነርሱ አንዱ ይፅሐቅ ሻሚር በ1947 በዋሻ ቆፍሮ አምልጦ በኢትዮጵያ በኩል ጅቡቲ ገባ። ይህ ሰው ነው በግንቦት 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን ጊዜ፣ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው።

ከአትሊት በስተደቡብ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ናሐል መዓሮት የሚባሉ ዋሻዎች አሉ፤ ዩኔስኮ በ2012 መዝግቧቸዋል። የሰው ልጅ በዚያ አካባቢ ከ500,000 ዓመት ጀምሮ የኖረበት ምልክት ተገኝቷል ይላሉ ሊቃውንቱ። ቁጥሩን ከኦሪት ዘመን አቆጣጠር ጋር የሚያስታርቅ አዋቂ ካለ ይጻፍልን። ከዚያ ሃቦኒምና ዶር ናቸው። ድንጋያማው ዳርቻ በማዕበል ተፈልፍሎ ዋሻና ትንንሽ ኩሬ ሠርቷል፤ በእግር መሄድ ለሚወድ እንደዚህ ያለ የለም። ዶር ላይ እስከ 1948 ድረስ ጣንቱራ የሚባል የዐረብ ዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። ባሮን ሮትሽልድ በ1891 ያሠራው የጠርሙስ ፋብሪካ ሕንፃም አለ፤ ፋብሪካው ከሰረ፣ ሕንፃው ሙዚየም ሆነ። ቂሳርያን ሄሮድስ ከ2,000 ዓመት በፊት ሠራት፤ ረቢ ዐቂባ በሮማውያን እጅ የተገደለው በዚያ እንደሆነ ይነገራል። የቲያትሩና የወደቡ መግቢያ ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ ይከብዳል። ውሃ ያመጣ የነበረው የድንጋይ ቅስት ግን ከከተማው በስተሰሜን ባሕር ዳር ላይ ቆሟል፤ እርሱን ለማየት ክፍያ የለም።

ስለ ውሃው ደግሞ ሳላስጠነቅቅ አላልፍም። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ወንዝ እናውቃለን፣ ባሕር አናውቅም። ይህ ባሕር ከላይ ጸጥ ብሎ ከሥር ይጎትታል፤ በየዓመቱ ሰው ይሰጥምበታል። ማጺል ማለትም ዋና ጠባቂ በሌለበት ቦታ ልጅ ውሃ አይግባ። የማጺሉ ማማ ልክ እንደ እህል ጠባቂ ማማ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ባንዲራውን እዩ። ነጭ ከሆነ ይቻላል፣ ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ክልክል ነው። ማጺሉ ከሄደ በኋላ ባንዲራ ቢኖርም ባይኖርም ክልክል ነው። ከወንድ ጋር ባሕር መግባት ለማይፈልጉ እናቶችና ልጃገረዶች በባት ጋሊም አካባቢ ሆፍ ሃሻኬት የሚባል፣ ወንዶችና ሴቶች በየቀናቸው የሚታጠቡበት ዳርቻ አለ፤ የሴቶቹ ቀን የትኛው እንደ ሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። በቀርሜሎስ ደን ውስጥ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት እንዳታነዱ፤ በታኅሣሥ 2010 በዚያ ደን በተነሣ ቃጠሎ 44 ሰዎች ሞተዋል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከሐይፋ ባቡር ጣቢያዎች ሁሉ በራቭ-ካቭ ካርድ መሳፈር ይቻላል። ሁሉም ባቡር አትሊት ስለማይቆም ከመሳፈራችሁ በፊት ሰሌዳውን አንብቡ ወይም ጠይቁ። ለማረፍና ለመቀመጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሆፍ ሃካርሜል ጣቢያ ወርዶ በሥር መተላለፊያው ቢያልፍ ወዲያው አሸዋው ላይ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባቡር ስለሚያቆም የመመለሻውን ሰዓት ጧት ላይ እዩት። የምንመርጠው ቀን ሆል ሃሞዔድ ነው፤ ልጆች ትምህርት የላቸውም፣ አብዛኛው ሰውም ሥራ ይቀንሳል። እንጀራችሁን ጠቅልላችሁ፣ ውሃና ኮፍያ ይዛችሁ ውጡ፤ ዳርቻው ላይ የሚሸጠው ምግብ ውድ ነው።

የአትሊት ካምፕ ግን ዝም ብለው ሄደው የሚገቡበት አይደለም። በአስጎብኚ ስለሚታይ አስቀድሞ በስልክ መመዝገብ ያስፈልጋል። አምስትና ስድስት ቤተሰብ ሆናችሁ ተመዝገቡ፤ ስትመዘገቡም አማርኛ የሚችል አስጎብኚ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። የለንም ካሏችሁ ከራሳችሁ መካከል ዕብራይስጥ የሚችል አንድ ጎልማሳ ለትርጉም ውሰዱ። ልጆቹን ለዛሬ ከማስተርጎም አሳርፏቸው።